ጋዜጣ ይዛ የምትጸልየው ሙናዬ

ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ወረታ ስመደብ ቤት ያገኘልኝ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነው። «ሙናዬ ትባላለች፤ ብቻዋን ናት፤ ወሬ አታውቅም» ብሎ ከግቢዋ አንዷን ክፍል አከራየኝ። ወሬ አለማወቋን እንደ ትልቅ ምስጋና ነበር የነገረኝ። እኔ ግን ወሬ የማያውቅ ሰው ይከብደኛል። ነርስ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስሰማ ውዬ ስገባ ትንሽ የሚያስቅ ነገር እፈልጋለሁ። ዕድሌ ግን ዝምተኛ አከራይ ላይ ጣለኝ።

ሙናዬ ያኔ አርባዎቹን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ባሏ ካሴ ከሞተ ወዲህ ሩዝ ለቅማ የምታድር ሴት ነበረች። ፎገራ ሩዝ ማብቀል ከጀመረ ወዲህ ወረታ ላይ የሩዝ መፈተጊያ እንደ አሸን ፈልቷል። ከመፈተጊያው የወጣውን ሩዝ ሴቶች በሰፌድ ያበጥሩታል፣ ጠጠሩን ይለቅሙታል። እሷም እንደዚያው አጎንብሳ ትውላለች። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ መሠረት፣ ይፋግ ነው የተዳረችው። አማቶቿ ከብት የሞላቸው፣ በአገሩ ስማቸው የሚጠራ ገበሬዎች ናቸው። በዚያ ክረምት መሠረት የመጀመሪያ ልጇን ታቅፋ ነበር። ሙናዬ ከዝምታዋ የምትወጣው የዚህን የልጅ ልጇን ነገር ያነሳሁባት እንደሆነ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያስቀየመችኝ በምግብ ነው። እራት ቀርቤ ሳለ ድንገት ከገባች ፊቷን ወደ ውጭ ታዞራለች። «ነይ እንብላ» ስላት ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ብዪ፣ እኔ ጠግቤያለሁ» ትላለች እንጂ ወደ ሳህኔ አታይም። ኩራት መሰለኝ። እኔ ደግሞ ኩራት አልችልም፤ «የሸዋ ወጥ ያስጠላሻል እንዴ?» ብዬ ነገር ወረወርኩባት። ፈገግ ብላ ወጣች። በኋላ ሳስተውል ግን የኔ ወጥ ብቻ አልነበረም። በአጥር የምንዋሰናት ድንቅነሽ ዝክር ስታወጣ እንኳ ሙናዬ ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የራሷን ቁራሽ ብቻ እያየች ነው የምትበላው። የሰው ጉርሻ ወደ አፉ ሲሄድ አይኗን ከመሬት አታነሳም።

ድንቅነሽ የልብ ወዳጇ ነበረች። ባሏ አማረ ሸቀጥ ጭኖ ደብረ ታቦርና ወረታ ሲመላለስ ስለሚከርም፣ ሁለቱ ሴቶች እሳት ይጫጫራሉ፣ ጨው ይበዳደራሉ፣ የአንዷ ዶሮ የሌላይቱ ግቢ ገብታ ብትጥል እንቁላሉ በአጥር ላይ ይመለሳል። የድንቅነሽ ልጅ ልዕልት ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ቤታቸው ሁለቱም ግቢ ይመስላት ነበር፤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ እኛ ጋ ስትገባ ከልካይ የላትም።

አንድ ምሽት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ፍለጋ ወደ ቤቱ ጓሮ ዞርኩ። ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው። ሙናዬ ፊቷን ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎንደር አዙራ ቆማለች፤ በሁለት እጇ ሰፊ ወረቀት ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል የኛም የፈረንጅም አይደለም። ኮቴዬን ስትሰማ ወረቀቱን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ወሸቀችና ትንቀጠቀጥ ጀመር። የወባ መንቀጥቀጥ ስንት አይቻለሁ፤ ይኼኛው የፍርሃት ነበር፣ እኔንም አስፈራኝ።

መጀመሪያ ለማንም እንዳልናገር በልጇ በመሠረት ስም አስማለችኝ። ከዚያ ቤት አስገብታ፣ በሩን ዘግታ ነገረችኝ። ዘሮቿ የደንቢያ ቤተ እስራኤሎች ናቸው። አያቷ ሸክላ ትሠራ፣ አባቷ ብረት ይቀጠቅጥ ነበር። አባቷ ክርስትና ተነሥቶ ልጆቹንም አስጠመቀ፤ ከዚያም ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ፎገራ ወረዱ። ወንድሟ ሰማኸኝ ግን ጎልማሳ ሆኖ ወደ አያቶቹ ሃይማኖት ተመለሰ፤ ጎንደር ሲጠብቅ ኖሮ በመጨረሻ እስራኤል ገባ። ከመሄዱ በፊት እህቱን ጠርቶ «እስራኤል ሆይ ስማ፤ እግዚአብሔር አምላካችን አንድ እግዚአብሔር ነው» የሚለውን ጸሎት አስጠናት፤ ጠዋትም ማታም እንድትለው። እሷ የያዘችው የማታውን ብቻ ነው። ጠዋት ሰው ይበዛል፤ ሲመሽ ግን ሁሉም ከብቱን አስገብቶ፣ ደጁን ዘግቶ፣ ጓሮ የሚመለከት አይኖርም። አያቷም ድሮ በዚያው ሰዓት ወደ ኢየሩሳሌም ዞራ ስትቆም ታስታውሳታለች።

ወረቀቱስ? ሰማኸኝ ሰው ሲያገኝ ልብስና ጫማ ይልክላታል። የጫማው አፍንጫ እንዳይጎብጥ በተጨማደደ የዕብራይስጥ ጋዜጣ ተጠቅጥቆ ይመጣል። ጫማውን ለመሠረት ሰደደችው፣ ጋዜጣውን ለራሷ አስቀረች። የተጨማደደውን እያንዳንዱን ገጽ በከሰል ካውያ ተኩሳ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ከፍራሿ ሥር አኑራዋለች። የጸሎት መጽሐፍ የላትም። ወንድሟ ያሳያትን ጥቂት ፊደል ገጹ ላይ ስታገኝ በጣቷ ትዳስሳለች፤ የሚለውን ግን አታውቅም። ሰማኸኝ ይህን ሲሰማ በስልክ ስቆባታል። ጋዜጣ መሆኑን፣ እነሱ አገር በየቀኑ አዲስ እንደሚታተም፣ ጠዋት የተገዛው ማታ እንደሚጣል ነግሯታል።

እሷ ግን ፊደሉ የኦሪት ፊደል እንደሆነ ብቻ ጠየቀችው። ያው ነው አላት። «እንግዲያው ምን አገባህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የሚያሳስባት ሌላ ነገር ሆነ፤ በየቀኑ ይህን ያህል ቅዱስ ፊደል የሚጥል አገር፣ ጥሎ ሲያበቃ ይረግጠው ይሆን?

እኔ ቧልተኛ ነኝ። ወረቀቱን ሳይ ኳስ ተጫዋች አለበት፣ ከጎኑ ደግሞ አፉን የከፈተ ማቀዝቀዣ። «ፍሪጅ ፊት ነው የምትሰግጂው!» አልኳት። ሥዕሉን ወደ ውስጥ አጥፋ ጽሑፉን ብቻ እንደምትይዝ፣ እግዜር ፊደሉን እንጂ ፍሪጁን እንደማያይ በቁም ነገር አስረዳችኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄን ያቆመው ቀጥላ ያለችው ነው።

«ሲስተር፣ አንቺ ትስቂያለሽ። እዚህ አገር የቀጥቃጭ ዘር ቡዳ ነው። ምግብ ሲበላ የማላይ ለምን ይመስልሻል? ሰውዬው ነገ ሆዱን ቢቆርጠው ያየችው እሷ ናት ይላሉ። ለራሴስ ግድ የለኝም። ቡዳ በዘር ነው ባዮች ናቸው። ይፋግ የሰሙ ዕለት ልጄን ከነልጇ ያወጧታል።»

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም እንደ እሷ ፈሪ ሆንኩ። ሲመሽ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል፤ ልዕልት በአጥሩ ስትሾልክ ደንግጬ እነሳለሁ። ሰው የሌላውን ምሥጢር ሲሸከም የሌላውን ፍርሃት አብሮ ይሸከማል፤ ይህን የሚያስተምር የነርስ ትምህርት ቤት የለም።

በዚያ ዓመት ነሐሴ ላይ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን አለበሱት። ፎገራ በክረምት ውኃ መተኛቱ የታወቀ ነው፣ የዚያን ዓመቱ ግን ቤትም ጎተራም አልማረ። የአማረ ታላቅ ወንድም ያየህ፣ ቁሐር ሚካኤል በሚባለው ቀበሌ ያለ እርሻው ቢዋጥበት ላሞቹን እየነዳ መጥቶ ድንቅነሽ ቤት ተጠጋ። ረጅም፣ ቁጡ፣ ለከብቶቹ እንጂ ለሰው የማይራራ የሚመስል ሰው ነው። ውኃው ሲሸሽ የታቆረው ቀረ፤ መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ ወባ እንደ ግብር ሰብሳቢ ቤት ለቤት ገባ። ጤና ጣቢያው በሽተኛ አልችል ብሎ ደጅ ላይ ምንጣፍ አነጠፍን።

ልዕልት ያየችው በዚያው ሰሞን ነው። ዶሮዋን ስታባርር በቀዳዳው ሾልካ ጓሮ ደረሰች። ሙናዬ ጋዜጣውን ዘርግታ ቆማለች። ሙናዬ ደነገጠችና ልጅቷን አቅፋ፣ ራሷን ዳበሰቻትና ለእናቷ እንዳትነግር ለመነቻት። ልጅ ዝም በል ከተባለ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። ልዕልት ሮጣ እቤቷ ገብታ፣ እትዬ ሙናዬ ከግድግዳ ጋር እንደሚያወሩ፣ ጥቁር ጥቁር ነገር ያለበት ወረቀት እንደያዙ ተናገረች። ድንቅነሽ በጊዜው ስቃ ነበር የተወችው።

ሙናዬ አልሳቀችም። ክፍሌ መጥታ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠችና ልጅቷ ቢያስላት፣ ቢያስቀምጣት፣ እንቅፋት ቢመታት እንኳ አበቃልኝ አለችኝ። ልጅቷ እንደ ሚዳቋ የምትዘል ጤነኛ ናት ብዬ አጽናናኋት። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ልዕልት በማግሥቱ ተኩሷት ዋለች።

ትኩሳቱ ወባ ነው፤ ደሟን ያየሁት እኔው ነኝ። ትንኟ የነከሰቻት ደግሞ ልጅቷ ጓሮ ከመግባቷ ከብዙ ቀን በፊት ነው፤ ወባ ዛሬ ነክሶ ነገ አይጥልም። ይህንን ለድንቅነሽ ነገርኳት፣ ኪኒኑን በስኳር ቀጥቅጬ አጠጣሁላት፣ መርፌ ስለሚያስፈልጋት እዚያው ጤና ጣቢያ ትደር አልኩ። ያየህ ግን መጥቶ ልጅቷን ከምንጣፉ አንስቶ በትከሻው አጋድሞ ወሰዳት። ቡዳ የበላው ሰው መርፌ ከነካው አይተርፍም አለ። ብጮህበት፣ ብሰድበው፣ ነጭ ጋውኔን እንደ ቅጠል አየው።

ከሥራ ወጥቼ ስሮጥ የድንቅነሽ ቤት በጭስ ታፍኗል። ያየህ ያረጀ ቆዳ ፍም ላይ ጥሎ ጭሱን በልጅቷ አፍንጫ ሥር እያደረገ ይጠይቃል፤ ማነህ፣ ከየት ያዝሃት፣ ተናገር። ልዕልት በትኩሳቱ ልቧን ስታለች፤ አይኗ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ይታያል። በመጨረሻ «ወረቀት… እትዬ ሙናዬ… ወረቀት» አለች። በቤቱ የነበሩት ጎረቤቶች ሁሉ ወደ አጥሩ ዞሩ። የሚናገረው ትኩሳቱ ነው ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ድንቅነሽ ግን ቀስ ብላ ወደ እኔ ቀረበችና፣ ያየህ ሳያይ ቀሪውን ኪኒን እንድሰጣት ለመነችኝ። እሷ ልጇን ለማዳን የምትይዘውን አጥታለች፤ ሁለቱንም ያዘች። ኪኒኑን በነጠላዬ ሸፍኜ ልጅቷን አስዋጥኳት።

ለቡዳ መፍትሔው ከቡዳው ገላ፣ ልብስ ወይ ዕቃ ሰርቆ ለታመመው ማጠን ነው ይባላል። ድንቅነሽ በማግሥቱ ወንፊት ልዋስ ብላ ወደ ሙናዬ ቤት ገባች። ሙናዬ ወንፊቱን ከተሰቀለበት ለማውረድ ዞር ስትል፣ ድንቅነሽ የነጭ ጨርቅ ጫፍ ብቅ ባለበት እጇን ከፍራሹ ሥር ሰደደችና ጥቅሉን በቀሚሷ ውስጥ አደረገችው። ሙናዬ አየቻት። የሸንበቆው ግድግዳ ላይ በተሰቀለች ትንሽ መስታወት ውስጥ አየቻት። ምንም ሳትል ወንፊቱን ሰጥታ ሸኘቻት። ስትነግረኝ ተናደድኩባት፤ ለምን አልጮኽሽም አልኳት።

«ብጮህ ምን እላለሁ? የኦሪት ፊደል ነው፣ አታቃጥሉት ልበል?» አለችኝ። «ዝም ብል ይሻላል። ምናልባት ማጨሱ ልባቸውን ያሳርፈው ይሆናል።»

ልባቸው አላረፈም። ፀሐይ ስትጠልቅ ያየህ ሽመሉን ይዞ ከበራችን ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ወንዶችም ተጨመሩ። ሙናዬ ልጅቷን ሳትለቅ እንዳትሸሽ ነው የሚጠብቁት። ምንም አላሉም፣ አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር። ፖሊስ ልጥራ ብዬ ነጠላዬን ሳነሳ ሙናዬ እጄን ያዘችኝ። ፖሊስ ከመጣ ነገሩ ከሰፈር ወጥቶ ወረታን ይሞላል፤ ወረታ የሞላ ነገር ለገበያ ይፋግ ይወርዳል። እዚሁ ይቅር አለችኝ።

ከድንቅነሽ ግቢ ጭስ ተነሳ። በአጥሩ አልፎ እኛ ጓሮ ድረስ መጣ፤ የቆዳ ጭስ አልነበረም፣ የወረቀት ነው። በካውያ የተኮሰችው፣ በጨርቅ የጠቀለለችው፣ ያ ሁሉ ጋዜጣ ገጽ በገጽ እየነደደ ነበር። ሰዓቱ የጸሎቷ ሰዓት ነው። ትተወዋለች ብዬ ሳስብ ባዶ እጇን ዘርግታ ቆመች። እኔም ከፍርሃቴ የተነሳ ከአጠገቧ አልራቅሁም፤ የምትለውን ሁሉ ሰማሁ። «እስራኤል ሆይ ስማ» የሚለውን ከጨረሰች በኋላ የምትለምነው ለልዕልት ነበር። ማርልኝ፣ ማርልኝ ትላለች። የወዳጇ ልጅ ስለሆነች ብቻ እንዳልሆነ ያኔም ገብቶኛል። ጨርሳ ስትዞር ፊቷ እንደ አመድ ነጥቷል።

«ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ፣ ሲስተር» አለችኝ። «ብትሞት በላቻት ነው። ብትድን ለቀቀቻት ነው። የትኛውን ልለምን? ሞቷን አልለምን።»

  ክፍሌ አብረን አደርን። ከበሩ ውጭ አንዱ ባሳለ ቁጥር ሁለታችንም አብረን እንደነግጥ ነበር።

ጠዋት በቀዳዳው ሾልኬ ገባሁ። ልዕልት ላብ አጥምቋት ትኩሳቱ ለቋታል፤ እጇን ሳነሳው ቀዝቅዟል፣ አይኗ ጠርቶ አውቃኛለች። ርቦኛል አለች። ነርስ ከዚህ የበለጠ ደስታ የላትም፤ አቅፌ ሳምኳት። ከዚያ ቀና ስል የቤቱን ሰው ሁሉ ፊት አየሁ። ማንም እኔን አያየኝም። ሁሉም ምድጃው ላይ የቀረውን የወረቀት አመድ ያያሉ። የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ ከኪሴ አውጥቼ በየፊታቸው አውለበለብኩ፤ ይኼ ነው ያዳናት፣ ይኼ፣ አልኩ። ያየህ ያለወትሮው በደግነት አየኝ። ሲስተር ደግ ሰው ነሽ፤ ኪኒኑም ሆዷን አጽድቶላት ይሆናል አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ለመምታት አምሮኝ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። ድንቅነሽ ልዕልትን አዝላ ቆማለች፤ ከኋላዋ ያየህና የሰፈሩ ሰው። ትናንት ወንፊት ስትዋስ ሙናዬን «አንቺ» ትላት የነበረች ሴት ዛሬ ጉልበቷን አጥፋ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

«እትዬ ሙናዬ፣ ይማሩኝ» አለች። «ባላውቅ ነው። ከእንግዲህ ልጄን እንዳይመለሱባት አንዴ እንትፍ ይበሉልኝ።»

ቡዳው ራሱ ሲተፋበት ነው ጨርሶ የሚለቀው ይባላል። መትፋት ማመን ነው። ሙናዬ ከተፋች በአደባባይ፣ በራሷ አፍ፣ ቡዳ ነኝ አለች ማለት ነው። አልተፋም ካለች ደግሞ ያየህ ሽመሉን እንደያዘ ነው። እንዳታደርጊው ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፤ አማረ እስኪመጣ ጠብቂ፣ እሱ የተማረ ነው፣ እናስረዳዋለን። ሙናዬ የሰማችኝ አልመሰለኝም። ድንቅነሽ ትከሻ ላይ የተኛችውን ልጅ ስታያት ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሲስተር፣ ይኼ ወባ ይመለሳል?»

መዋሸት ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም። ሙያዬ ነው መሰለኝ የከለከለኝ። «አንዳንዱ ይመለሳል» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ዛሬ ብትከለክልና ትኩሳቱ ነገ ቢያገረሽ ምን እንደሚመጣ አወቀች፤ እኔም አወቅኩ። ወደ ልጅቷ ቀረብ ብላ «እግዚአብሔር ይማርሽ» አለቻትና እንትፍ አለችባት። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ተንቀሳቀሰ፣ ድንቅነሽም ጭምር። ያየህ ሽመሉን ዝቅ አደረገ። ድንቅነሽ ደጋግማ እግዜር ይስጥልኝ እያለች ሄደች። ሁለት ግቢ የሚያገናኘው የአጥር ቀዳዳ በዚያው ዕለት በእሾህ ተደፈነ።

ማንም አልነካትም፤ ከዚያ ወዲህ እንዲያውም ሁሉም ያከብሯት ጀመር። መፈተጊያው ዘንድ ስትደርስ ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ይዘው ራቅ ይላሉ፤ ባለቤቱ ግን ቀድሞ የሚሰድባት ሰው አሁን «እትዬ» ይላታል። ዳሩ ግን የሚለቀመው ሩዝ የሚበላ ነገር ነውና፣ ወሬው እስኪቀዘቅዝ ቤትዎ ቢቆዩ ብሎ በትሕትና አሰናበታት። ልጅ የታመመባት እናት ደግሞ ሲመሽ በጓሮ መጥታ እንትፍ ይበሉልኝ ትላታለች። ሙናዬ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ኪኒን ካላሳያችሁኝ አልተፋም አለች። በዚህ ሰበብ ወደ እኔ የመጣ በሽተኛ እኔ ስለምን ኖሬ ካመጣሁት ይበልጣል፤ ይህን ብዬ ላስቃት ሞክሬ አልሳቀችልኝም። የማታ ማታ ባዶ እጇን ዘርግታ የምትቆመው የሰፈሩን ሕፃናት በስም እየጠራች ሆኗል፤ አንዱ የሞተ ዕለት ወዮላት። በየመካከሉ ትጠይቀኝ የነበረው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ ከይፋግ የመጣ በሽተኛ ነበር ወይ፣ ምን ይላል?

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላል ያገሬ ሰው። ወደ ይፋግ የወረደው ወሬ ግን የተጨመረበት መላ አልነበረም፤ ሰይጣን የጻፈው መጽሐፍ፣ በእሳት ሲነድ የጮኸ ወረቀት፣ ሰው በላ ሴት ነበር የተጨመረበት። ከመሠረት ድምፅ ጠፋ። ጥቅምት አልፎ ሩዙ ሲታጨድ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ፤ መሠረት ናት። ልጇን አዝላለች። እናቷ እየሮጠች ሄዳ በሩን ከፈተችላት፤ መሠረት ግን ከበሩ አልገባችም።

ነገሩን የነገረችን እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነው። አማቶቿ ሊያወጧት ተነስተው ነበር። ባሏ አልቅሶ ለመናቸው፤ ስለ ልጁ ሲሉ እንድትቀመጥ ፈቀዱ። ብቻ ከእንግዲህ ወረታ እንዳትረግጥ፣ እናቷም ይፋግ እንዳትደርስ አስማሏት። ይህንን ራሷ ነግራ እንድትመለስ ለዛሬ ብቻ ነው የለቀቋት፤ መኪናውም መንገድ ዳር ይጠብቃታል።  የሙናዬ ፊት ሸክም እንደወረደለት ፈታ ሲል አየሁ፤ ልጇ አልተባረረችም። «አላወጡሽማ» ብቻ አለች፣ «ተመስገን።»

ይኼኔ ሕፃኑ አለቀሰ። መሠረት አዝላው የነበረውን ፈትታ ወደ ፊት አዞረችውና ጡቷን ሰጠችው። ወዲያው ደግሞ ነጠላዋን ስባ ፊቱን ሸፈነችው። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ነፋስም የለም። እናቷን ቀና ብላ ሰረቅ አድርጋ አየቻትና አንገቷን ደፋች። በዚያች ሰዓት ሌላ ቀን ቢሆን ሙናዬ ጓሮ ናት፤ ያን ቀን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። 

«አፍንጫው እንዳይታፈን» አለቻት፣ ሳትቀርባት። «ነጠላውን ከታች በኩል ላላ አድርጊለት።»

መሠረት ላላ አደረገችለት። ገልጣ ግን አላሳየቻትም።